የባሌን ክንፍ የደፈንኩ ሰሞን

ባል የሌላችሁ ይህን ጽሑፍ ብታልፉት አልቀየምም። ባል ያላችሁ ግን ከማንበባችሁ በፊት እስኪ አንድ ጊዜ ወደ ጋራዣችሁ ብቅ በሉና ምን እንዳለበት እዩ። እኔ በጊዜው ባለማየቴ ነው እዚህ የደረስኩት። የእኛ መኪና ውጭ በረዶ ለብሳ ስታድር፣ በእሷ ቦታ ማሞቂያ ተከፍቶለት፣ ብርድ ልብስ ተደርቦለት፣ ተንደላቅቆ የሚኖር አንድ የአውሮፕላን ክንፍ አለ።

አልተሳሳታችሁም፤ የአውሮፕላን ነው ያልኩት።

ባለቤቴ ጌታሁን ሥራው ከየሆቴሉ ሰው እየጫነ ኤርፖርት ማድረስ ነው። አንድ ቀን እራት እየበላን፣ "ሰውን ሁሉ እስከ በሩ አደርሳለሁ፤ እኔ ብቻ እመለሳለሁ" አለኝ። ዕረፍት አምሮት ነው ብዬ ዳላስ እህቱ ጋ ደርሶ እንዲመጣ መከርኩት። ለካስ እሱ የሚያወራው ስለ መሳፈር አልነበረም። እንደ ዋዛ የጀመረው የበረራ ትምህርት ቀስ እያለ ፈቃድ አስገኘለት። ቀጥሎ አንድ እርጅና የተጫናቸው ፈረንጅ ጀምረው የተዉትን፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ እቤት የሚገጣጠም አውሮፕላን ከነሣጥን ከነሣጥኑ አስጭኖ እዚህ ሚኒሶታ፣ ዌስት ሴንት ፖል ቤታችን ድረስ አመጣው። ሣጥኖቹ ሲወርዱ እኔ ቁም ሣጥን ገዝቶልኝ መስሎኝ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብዬ ግንባሩን ሳምኩት። ያን ቀን ለምን እንደሳምኩት እስከዛሬ አያውቅም።

እኔን ደግሞ እወቁኝ። ሚኒያፖሊስ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የቀዶ ጥገና መሣሪያ አጥቤና ጠቅልዬ አዘጋጃለሁ። መሣሪያው የሚጠቀለልበትን ጨርቅ ወደ መብራት አንሥቼ አያለሁ፤ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ከተገኘችበት ይጣላል። ቀዳዳ ፈልጌ ነው እንጀራ የምበላው ማለት ይቻላል። ይኼ ነገር እቤትም አይለቀኝም። ምድጃ ማጥፋቴን አይቼ እወጣለሁ፣ መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ተመልሼ አየዋለሁ። ሚሲሲፒን በድልድይ ስሻገር አማትባለሁ። ሊፍት ውስጥ አቡነ ዘበሰማያት የምደግም ሰው ነኝ። እንግዲህ ፈጣሪ ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት የሚበር ባል ሲሰጣት ምን እንዳሰበ እሱ ይወቅ።

መከርኩት፤ አልሰማም። አኮረፍኩት፤ ማኩረፌን አላወቀም፣ ጋራዥ ነበራ! ልጃችን ጋ ደወልኩ። እሷ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች፣ "ማም፣ ሂ ኢዝ ሃፒ፤ ሌት ሂም ቢ" ብላ ዘጋችብኝ። የደስታውን ነገር መቼ አጣሁት? እኔን ያስጨነቀኝ ከደስታው በኋላ ያለው መሬት ነው።

ሰው አልሰማ ሲለኝ ወደ ቅዱስ ገብርኤል ሄድኩ። "ይኼ ነገር ከጋራዥ ሳይወጣ ከቀረልኝ፣ በወርቅ ዘቦ ያጌጠ ጃንጥላ አገባልሃለሁ" ብዬ ተሳልኩ። ስለቴን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ብሩክሊን ፓርክ ለሚኖሩት ለማኅበርተኛዬ ለእትዬ አስካለ። እትዬ አስካለ ምስጢር ይጠብቃሉ። ማለቴ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ይጠብቁ ነበር።

እንግዲህ የዚህ አውሮፕላን ነዳጅ የሚቀመጠው የት መሰላችሁ? ክንፉ ውስጥ። ሰው በሚንጠለጠልበት ነገር ውስጥ ቤንዚን መሙላት የማን ሐሳብ እንደሆነ አሁንም አልገባኝም። ታንኩ ከላሜራ የተሠራ ረጅም ሣጥን ነው፤ ውስጡ በላሜራ ግድግዳ ክፍል ክፍል ሆኗል። የተያያዘው ሪቬት በሚሉት፣ ጫፉ ተጨፍልቆ በሚቀር ትንንሽ ምስማር ነው። እያንዳንዱ ሪቬትና እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ከውስጥ በማሸጊያ ማስቲሽ ካልተደፈነ ያንጠባጥባል። አየር ላይ የሚያንጠባጥብ ቤንዚን ደግሞ ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም፤ እኔ አንዴ አስቤው ሁለት ቀን እህል አልበላሁም።

ይህን የማሸግ ሥራ ከጌታሁን ጋር ሊሠሩ የነበሩት አቶ ተስፋይ ናቸው። አቶ ተስፋይ የአስመራ ሰው፣ ጡረታ የወጡ፣ ከጋራዣችን የማይጠፉ ወዳጃችን ናቸው። ምን ያደርጋል፣ በረዶ አንሸራትቷቸው ወገባቸውን ያዛቸው። ጎንበስ ማለት ቀረ። የዚያን ሳምንት ጌታሁን አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

"እናትዬ፣ እጅሽን አንድ ቅዳሜ አውሺኝ።"

"እጄን ምን ልታደርገው?"

"የእኔ እጅ ጥጉ ጋ አይደርስም፣ ይቀረቀራል። ያንቺ ይገባል። ደግሞ ካንቺ የበለጠ ጠንቃቃ ሰው በሚኒሶታ ምድር ከየት አመጣለሁ?"

በትዳር ዘመናችን ሁሉ ጥንቃቄዬን ሲያመሰግን ይኼ የመጀመሪያው ነበር። ወትሮ "አንቺ ስትጠነቀቂ ቅዳሴው ይወጣል" ነበር የሚለኝ። እንደ ቅቤ ቀለጥኩ። እሺ ካልኩ በኋላ ነው ስለቴ ትዝ ያለኝ።

አሁን ጭንቀቴን ተመልከቱልኝ። በደንብ ከደፈንኩት ይበራል። በደንብ ካልደፈንኩት ደግሞ ይበርና ያፈስበታል። አስቤ አስቤ፣ የስለቱን ነገር ለገብርኤል ትቼ፣ በእኔ በኩል ግን ጠብታ እንዳታልፍ አድርጌ ልደፍን ወሰንኩ። መልአኩ ሌላ ዘዴ አያጣም።

ቅዳሜ ጠዋት ጓንት አጥልቄ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ አማትቤ ገባሁ። ማስቲሹ ከሁለት ቆርቆሮ ነው የሚወጣው፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። ሚክስ ሲደረግ አመድማ ይሆንና መጠንከር ይጀምራል፤ "ቆይ ስልክ ላንሣ" ብትሉት አይጠብቅም። ሽታው ደግሞ! ሰዶምና ገሞራ ላይ እሳትና ድኝ ዘነበ ሲባል፣ ድኙን በቃል ብቻ ነበር የማውቀው። ያን ቀን በአፍንጫዬ አወቅሁት።

አቶ ተስፋይ ወገባቸውን በሻል ጠምጥመው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዙኛል።

"ሓፍተይ፣ ቀጠን አድርጊው!"

ቀጠን አደርጋለሁ።

"ኣይ፣ ይኼማ ሳሳ! ወፈር አድርጊው!"

ወፈር አደርጋለሁ።

"ሓፍተይ፣ እንደሱ አይደለም፣ እንደ መጀመሪያው!"

"አቶ ተስፋይ፣ በትግርኛ ‘እህቴ’ ሲሉኝ እንዴት ደስ ይለኝ መሰለዎት፣ አሁን ግን ትንሽ ይጸልዩልኝ" አልኳቸው። ሳቁ፤ ሲስቁ ወገባቸው አመማቸው፤ ዝም አሉ።

እኔም የቅዳሜውን ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ፣ ጣቴን እያሾልኩ፣ በየሪቬቱ ላይ ቆብ አደርግ ጀመር። ማስቲሹ የነካውን አይለቅም። ነጠላዬ ጫፍ ላይ ገባ። ከዚያ በሩ እጀታ ላይ፣ ከዚያ ፍሪጁ ላይ። ከሥራ ሲደወልልኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁት፤ ንግግሩ ካለቀ በኋላም ስልኩ እዚያው ቀረ። ጌታሁን በአሴቶን እያሸ ሲያላቅቀኝ፣ "ሌላ ቀን እንኳ ተጣብቀሽኝ አታውቂም" አለኝ። አቶ ተስፋይ ባሉበት! ደግነቱ እሳቸው ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

ሥራው እየጣመኝ መጣ። እውነቴን ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አንድ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ በገዛ እጅ ሲታሸግ ልብ ያርፋል። እንዲህ ልቤ አርፎ ስሄድ ነው ያንን ጉድ ያየሁት። በእያንዳንዱ ግድግዳ ታችኛው ጥግ ላይ ላሜራው ተቆርጦ ክፍት ቀርቷል! የሠሩት ሰዎች ቸልተኝነት ገረመኝ። አንዱን መርሳት ያባት ነው፤ ሁሉንም፣ ያውም እዚያው ቦታ ላይ? አላሳጣኋቸውም፤ ዝም ብዬ ደፈንኩላቸው። አንድ ቀጭን ቱቦም ጥግ ላይ አፉን ከፍቶ ተገኘ። እሱንም ጠቅጥቄ፣ ከላይ እንደ ድፎ ዳቦ አሳምሬ ለሰንኩት።

ጌታሁን ባትሪ አብርቶ ውስጡን አየ። "ልቅም! ፋብሪካ እንኳ እንዲህ አይሠራም!" አለ። እሱ የሚያየው ሪቬቶቹን ነው፤ የሌለ ቀዳዳ ደግሞ አይታይም። ማስቲሹ ሳይደርቅ ብሎ ተጣድፎ የታንኩን ጀርባ ገጠመው። እኔም ያን ቀን ስተኛ፣ አንድ ነፍስ ያዳንኩ መስሎኝ ነበር።

ማስቲሹ ደርቆ እስኪፈተሽ ሳምንት አለፈ። የሚፈተሸው በትንፋሽ ነው። በቱቦው ውጭኛ ጫፍ ላይ ፊኛ ይታሰራል፤ በነዳጁ መውጫ በኩል ይነፋል። አየሩ ታንኩን ሞልቶ ፊኛውን ያነሣዋል። ከዚያ ይዘጋና ይጠበቃል፤ ፊኛው ከቆመ ታንኩ አያፈስም፣ ፊኛው ከወደቀ ያፈሳል። ነገሩ ይኸው ነው።

የፍተሻው ቀን የማኅበር ቀን ሆነ። የእመቤታችን ማኅበር ተራው የእኔ ነበርና ዳቦው ተደፍቶ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ቤቱ ተሰናድቶ እንግዳ ስጠብቅ፣ ጌታሁን "ሰዎቹ እስኪሟሉ አንድ ጊዜ ብቻ ልንፋበት" ብሎ በሙሉ ልብሱ ጋራዥ ገባ።

ነፋ። ፊኛው ዝም።

እንደገና ነፋ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ፊኛው እንደ ተቆጣ ሕፃን አንገቱን ደፍቶ ቀረ።

"ታንኩ ትንፋሼን ይመልስልኛል" አለ።

አቶ ተስፋይ፣ "ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ፊኛው ነው የተበላሸ" አሉ። ፊኛ ተቀየረ። ቀዩም እንቢ፣ ቢጫውም እንቢ። በዚህ መሀል ማኅበርተኛው መግባት ጀመረ። ገቢው ሁሉ ሳሎን አልፎ፣ "ምንድነው የሚሸተው?" እያለ ጋራዥ ይገባል። የገባው ወንድ ሁሉ ደግሞ "እስኪ እኔ" ይላል። ከመዘምራን መሀል አለ የሚባለው ድምፃም ነፋ፤ እንቢ። በመጨረሻ የማኅበራችን ሙሴ መቋሚያቸውን ለሰው አስይዘው ቀረቡ። የማኅበር መሪ ሙሴ እንደሚባል ታውቃላችሁ። ነፉ፣ ነፉ፣ ተቀመጡ። ሚስታቸው ከበሩ ላይ ሆነው፣ "ያኛው ሙሴ ባሕር ከፈለ፣ የእኔው ቱቦ አቃተው!" ሲሉ ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ያውም ከሁሉ አብልጬ።

ጌታሁን ግን አልሳቀም። ከታንኩ ጎን ያለውን ክብ ክዳን ፈታና ባትሪና መስተዋት አስገባ። አቶ ተስፋይ ወገባቸውን ረስተው በትከሻው ላይ አጮልቀው አዩ።

"ጌታሁን ሓወይ፣ አየር ማስገቢያው ቱቦ የለም።"

"እንዴት የለም? እዚያ ነው።"

"አለ እንጂ፣ ግን ቆብ ደፍቷል።"

"የግድግዳዎቹ ቀዳዳዎችስ? የነዳጁ ማለፊያዎች?"

አቶ ተስፋይ መስተዋቱን አዟዟሩት። "ሁሉም ቆብ ደፍተዋል።"

"መንኩሰዋላ!" አለ ድምፃሙ፣ እንደገና ሳቅ ሆነ። እኔ ግን ሳቄን አቆምኩ። ለካስ እነዚያ ቀዳዳዎች የተረሱ አይደሉም። ነዳጁ ከክፍል ወደ ክፍል የሚሄድባቸው መንገዶች ናቸው። ቱቦውም የታንኩ አፍንጫ ነው፤ አየር ካልሳበ ነዳጅ አይወርድም። ታንኩ ጢም ብሎ ሳለ ሞተሩ በውኃ ጥም ይሞታል።

"እንግዲህ አይበርም" አለ ጌታሁን፣ ለማንም ሳይሆን።

ልክ በዚህች ሰዓት ነው እትዬ አስካለ ከብሩክሊን ፓርክ ደርሰው፣ ጫማቸውን በር ላይ አራግፈው፣ በጋራዡ በር ብቅ ያሉት። "አይበርም" የምትለዋን ቃል ብቻ ሰሙ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል።

"እልልልልል!" አሉ። "እልልልል! እሰይ! እሰይ የኔ ገብርኤል! ስለትሽ ሰመረ! አይበርም አለ አይደል? በጆሮዬ ሰማሁት! በይ ጃንጥላውን ቶሎ አስገቢ!"

እልልታውን የሰሙ ሳሎን ያሉ ሴቶችም፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ ተቀበሏቸው።

ጌታሁን ባትሪውን አስቀመጠ። አየኝ። ቀስ ብሎ እጁን ጠረገና፣ "ግቡ፣ ዳቦው ይቆረስ" አለ።

ማኅበሩ እንዴት እንደተጠጣ አላስታውስም። እሱ ለሁሉም ቀዳ፣ ሁሉንም ሸኘ፣ የእትዬ አስካለን መኪና በረዶ ሳይቀር ጠረገላቸው። እሳቸው ነገሩ ገብቷቸው፣ "ምላሴን በቆረጠው!" እያሉ ነበር የወጡት። ቤቱ ጭር ሲል ጌታሁን ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የደፈንሽው በእጅሽ ነው ወይስ በጸሎትሽ?"

"ተሳልኩብህ። አዎ። በእጄ ግን አላታለልኩህም። በእመቤታችን ፊት ነው የምነግርህ፣ ቀዳዳ መሰለኝ።"

"ቀዳዳ ነው እኮ።"

"ቀዳዳ ሁሉ ጥፋት መሰለኝ።"

"አምንሻለሁ" አለኝ። ግን ሄዶ ክንፉን በብርድ ልብሱ ሸፈነ፣ ማሞቂያውን አጠፋ፣ የጋራዡን በር ዘጋ።

ከዚያ ወዲያ ጋራዥ አልገባም። ከሥራ ይመጣል፣ ሶፋ ላይ ይቀመጣል፣ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል፣ አያየውም። አቶ ተስፋይ ደውለው "ወገቤ ተሽሎታል፣ ልምጣ?" ሲሉት፣ "ቆይ፣ እስኪ በጋ ይሁን" ይላቸዋል። መኪናችንን እንኳ "ወደ ጋራዥ እናስገባት መሰለኝ" አለኝ አንድ ጠዋት፣ ትከሻው ላይ ያለውን በረዶ እያራገፈ። ለካስ የተሳልኩት ይኼን ነው። ባሌ እቤት፣ ምድር ላይ፣ አጠገቤ፣ በደኅና። ስለቴ አንዲት ነገር ሳትጎድል ደርሶልኝ ሶፋ ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ደግሞ ማየት አልቻልኩም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። እየሰሙኝ ጢማቸውን ይዳብሳሉ፤ ሳቃቸውን እየያዙ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

"ልጄ፣ ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣ መልአክ ነው። አንቺ ባልሽን ከጋራዥ እንዳያወጣ ነው የለመንሽው?"

"ፈርቼ ነው አባ።"

"የፈራ ሰው ‘ጠብቅልኝ’ ይላል። ‘እሰርልኝ’ አይልም።"

"ጃንጥላውስ?"

"ጃንጥላ ሞልቶናል። የጎደለን የመኪና ማቆሚያውን በረዶ የሚዝቅ ሰው ነው።"

እንግዲህ በዚያ የካቲት ብርድ በነጠላዬ ላይ ካፖርት ደርቤ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ስዝቅ ያያችሁኝ ካላችሁ፣ ነገሩ ይኸው ነበር። ለወገብ አይመከርም። ለልብ ግን ይበጃል።

በማግስቱ ጌታሁን ዕረፍት ነበር። ሶፋው ላይ ትቼው ጋራዥ ገባሁና ማሞቂያውን ከፈትኩ። ብርድ ልብሱን ገፍፌ፣ ጓንት አጥልቄ፣ በጎን ባለው ክብ ቀዳዳ እጄን አስገብቼ ያንን የለሰንኩትን ቱቦ በፕላስቲክ መፋቂያ መፋቅ ጀመርኩ። የደረቀው ማስቲሽ ላስቲክ ነው፤ እኔ ስጎትተው እሱም ይጎትተኛል። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"የዘጋሁትን እየከፈትኩ።"

"በእዚያ በኩል ወደ ሌሎቹ አትደርሺም። ጀርባው እንደገና መፈታት አለበት።"

"ይፈታ እንጂ ታዲያ! ምን ቆመህ ታየኛለህ?"

ቆሞ አየኝ። ከዚያ ሪቬት መንቀያውን ከግድግዳው ላይ አወረደ።

ነቀልን፣ ፋቅን፣ በአሴቶን አጠብን። ይኼኛው ቀዳዳ ይደፈን፣ ይኼኛው አይነካ እያለ አንድ በአንድ በጣቱ አሳየኝ፤ እኔም እንደ ሕፃን እየደገምኩ ተማርኩ። አቶ ተስፋይ ተጠርተው መጡና፣ "ሓፍተይ፣ ያቺን እንዳትነኪ!" እያሉ ወንበራቸው ላይ ነገሡ። ማስቲሹ ተደባለቀ፤ ድኙ ሸተተ፤ ስልኬን አስቀድሜ ሳሎን ትቼው ነበር። አጠገብ ላጠገብ ጎንበስ ብለን ስንሠራ ጌታሁን ሹክ አለኝ።

"አሁንስ ምን ተሳልሽ?"

"አልተሳልኩም። ለመንኩ እንጂ።"

"ምን ብለሽ?"

"እሱን ከገብርኤል ጋር ተነጋገሩ።"

ማስቲሹ ደርቆ እንደገና የፈተሽነው ጌታሁን ሥራ ሊሄድ ሲል ነበር። ኮቱን ለብሶ፣ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ ይዞ፣ የመንፊያውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ነፋ። ፊኛው መጀመሪያ አንገቱን ቀና አደረገ። ከዚያ ሆዱ ወጣ ወጣ አለ። ከዚያ ቆመ። ጌታሁን መንፊያውን ዘጋ፤ በየመገጣጠሚያው የሳሙና ውኃ ቀባን፤ አንዲት አረፋ አልወጣችም። ጮኾ የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ግን ፊኛውን በአንድ ጣቱ ነካ ብቻ አደረገና፣ "እስክመለስ ጠብቂልኝ" ብሎ ወጣ።

ጠበቅሁ። ወንበር አምጥቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የምጠብቀው ፊኛውን ነበር፤ ዝንፍ ቢል፣ ቢሸበሸብ ብዬ። ቆይቶ ቆይቶ ነው የገባኝ። እዚያ ውስጥ ያለው ሌላ አየር አይደለም፤ የባሌ ትንፋሽ ነው። እሱ በበረዶው ላይ የሰው ሻንጣ ሲያወርድ ሲጭን ይውላል፤ ትንፋሹ ግን እዚህ፣ እኔ በጣቴ ዙሪያውን ባሸግሁት ዕቃ ውስጥ፣ አንዲት ጠብታ ሳትባክን ቆማለች። እኔ ስፈራ የኖርኩት ለዚህችው ትንፋሽ ነው። ያን ያህል ዘመን ስፈራላት ግን አንድም ቀን በእጄ ይዣት አላውቅም ነበር።

አማተብኩ። ማሞቂያውን በትንሹ ጨመርኩ፤ እንዳይበርዳት።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። ከበስተጀርባው የኤርፖርቱ ጫጫታ ይሰማል።

"እንዴት ነው ፊኛው?" አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁት።

"አለህ" አልኩት።